ነርቭና የበሽታ መከላከያ ሴሎች የሚጋሩትን ተቀባይ ፍለጋ፦ ሀዋሳ ላይ ሆኖ የሚሠራ ዝርዝር መመሪያ

«ይህ ተቀባይ በአንጎል ሴልም በነጭ የደም ሴልም ላይ ይገኛል» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፤ ተቀባይ ማለት ኬሚካል ይዞ ሴሉን የሚያዝ ፕሮቲን ነው። የጂኑን ስም ዳታቤዝ ውስጥ ያስገባ ሰው ወዲያው መልስ ያገኛል። ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የጂኑ መልእክት (ኤምአርኤንኤ) መገኘቱ ፕሮቲኑ መኖሩን አያረጋግጥም። ፕሮቲኑ ቢኖርም ኬሚካሉን መያዙ፣ ይዞም ሴሉን ማዘዙ፣ እሱ ሲወገድም ትእዛዙ አብሮ መቅረቱ እያንዳንዱ ለብቻው መታየት አለበት። ይህ መመሪያ እነዚህን እርከኖች አንድ በአንድ ይወጣል። የተጻፈው ሀዋሳ ላይ ለሁለተኛ ወይም ለሦስተኛ ዲግሪ ርዕስ ለያዙ፣ ግማሹ መሣሪያ በእጃቸው ላለ፣ ግማሹን ደግሞ ሌላ ቦታ ሄደው መጠየቅ ለሚኖርባቸው ሰዎች ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ጥያቄውን አጥብቡት

«ነርቭና መከላከያ ምን ምን ይጋራሉ?» ብሎ የሚነሳ ጥናት አያልቅም። ሲኤክስሲአር4 የተባለውን ብቻ ውሰዱ። ኤችአይቪ ወደ ቲ ሴል ለመግባት የሚጠቀምበት አጋዥ ተቀባይ መሆኑ በ1996 ታወቀ። በ1998 ደግሞ ይህ ተቀባይ የሌላቸው የአይጥ ጽንሶች የኋለኛው ትንሹ አንጎላቸው በትክክል እንደማይዋቀር ታየ። የአድሬናሊን ቤታ 2 ተቀባይ አለ፣ የኒኮቲን አልፋ 7 አለ፣ የኦፒዮይድ (የሞርፊን መሰሎች) ተቀባዮች አሉ። እያንዳንዱ ለብቻው የዕድሜ ልክ ሥራ ነው።

ስለዚህ አንድ ተቀባይ፣ አንድ ዓይነት የነርቭ ሴል፣ አንድ ዓይነት የመከላከያ ሴልና አንድ የሚለካ ለውጥ ምረጡ። እኔ እዚህ ምሳሌ የማደርገው ኤ2ኤ የተባለውን የአደኖሲን ተቀባይ ነው። ካፌይን የሚዘጋው እሱን ነውና በሲዳማ ምድር ተቀምጦ ሌላ መምረጥ ይከብዳል። ቀልዱ ይቅርና ለጀማሪም የሚመች ተቀባይ ነው። 412 አሚኖ አሲድ ያለው፣ ቅርጹ በክሪስታል ከ2008 ጀምሮ የታየ፣ የሚቀሰቅሱትም (አጎኒስት) የሚዘጉትም (አንታጎኒስት) ኬሚካሎች ተገዝተው የሚገኙ ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። ነቅተን በቆየን ቁጥር አንጎል ውስጥ አደኖሲን ይጠራቀማል። ስትራያተም በተባለው ጥልቅ የአንጎል ክፍል ያሉ ነርቮች ላይ ካለው ኤ2ኤ ጋር ሲያያዝ እንቅልፍ ይጫነናል፤ ካፌይን ቦታውን ቀድሞ ይይዝና እንነቃለን። በሌላ በኩል የተጎዳ ቲሹ ኤቲፒ የተባለውን የሴል ኃይል ተሸካሚ ያፈሳል። ሲዲ39 እና ሲዲ73 የተባሉ ሁለት ኢንዛይሞች ኤቲፒውን ቆራርጠው አደኖሲን ያደርጉታል። ይህ አደኖሲን በቲ ሴል፣ በሞኖሳይትና በኒውትሮፊል (ሦስቱም ነጭ የደም ሴሎች ናቸው) ላይ ያለውን ኤ2ኤ ሲይዝ ብግነቱ ይበርዳል። ደወሉ አንድ ነው፤ ትምህርት ቤት ሲደወል ልጁ ይበተናል፣ ቤተ ክርስቲያን ሲደወል ሕዝቡ ይሰበሰባል። ሁለቱም ሴሎች ውስጥ ተቀባዩ የሚያደርገው ሳይክሊክ ኤኤምፒ የተባለውን መልእክተኛ ከፍ ማድረግ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን የሚወስነው ሴሉ ራሱ ነው። ይህን ካልያዛችሁ «በአንጎል እንቅልፍ ካመጣ በደምም እንዲሁ ያደርጋል» የሚል ከንቱ መላምት ትጽፋላችሁ።

ደረጃ 1፦ መብራት ሳይጠፋ በኮምፒውተር የሚሠራው

የመጀመሪያው ምዕራፍ ላፕቶፕና ኢንተርኔት ብቻ ይጠይቃል። በስዊድን ከ2003 ጀምሮ እየተሠራ ያለውን የሰው ፕሮቲኖች አትላስ ክፈቱ፤ በነፃ ነው። የጂኑን መጠሪያ ፊደል በፊደል አስገቡ፦ ኤ፣ ዲ፣ ኦ፣ አር፣ ኤ፣ 2፣ ኤ። መጀመሪያ በቲሹ የተከፋፈለውን ገጽ እዩ፤ የኤ2ኤ መልእክት ስትራያተም ባለበት የአንጎል ክልል ጎልቶ ይታያል። ቀጥሎ በየሴሉ የተነጣጠለውን መረጃ ክፈቱ። ከሁለቱ የሚበልጠው ይህኛው ነው፤ ምክንያቱን አሁን እመጣበታለሁ። ዩኒፕሮት በተባለው የፕሮቲን ዳታቤዝ ላይ የፕሮቲኑን ቅደም ተከተል አውርዱ። የአይጥና የከብት አቻዎቹንም አብራችሁ አስቀምጡ፤ በኋላ ፕራይመር (ጂኑን ለይቶ የሚያነሳ አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ) ስትነድፉ ትፈልጓቸዋላችሁ።

የራሳችሁን ተቀባይ ከባዶ የምትፈልጉ ከሆነ ደግሞ የነርቭ ሴሎችን ዝርዝርና የነጭ የደም ሴሎችን ዝርዝር አውርዳችሁ የጋራውን አውጡ። ከዚያ በሴል ሽፋን ላይ የሚቀመጡትን ብቻ አስቀሩ። ኤክሴል ከተጠቀማችሁ የጂን ስም ያለበትን ዓምድ ፋይሉን ከመክፈታችሁ በፊት «ጽሑፍ» አድርጉት። ፕሮግራሙ አንዳንድ የጂን ስሞችን የወር ስም መስሎት ወደ ቀን ይለውጣቸዋል። ችግሩ ከመክፋቱ የተነሣ የጂን ስም የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ኮሚቴ በ2020 የጂኖቹን ስም እስከ መቀየር ደርሷል።

የጋራ ዝርዝሩ ሲወጣ ረጅም ይሆናል፤ አትደሰቱ። አብዛኛው አስመሳይ ነው።

አስመሳዮቹ የሚመጡት በአራት መንገድ ነው። አንደኛው ማይክሮግሊያ ናቸው። እነዚህ አንጎል ውስጥ የሚኖሩ የመከላከያ ሴሎች ናቸው፤ አንጎልን በጅምላ ፈጭታችሁ አርኤንኤ ስትለኩ የእነሱ ተቀባይ ሁሉ «የአንጎል» ተብሎ ይመዘገባል። በየሴሉ የተነጣጠለውን መረጃ እዩ ያልኩት ለዚህ ነው። ሁለተኛው አንጎል ውስጥ ባሉ የደም ሥሮች የቀረ ደም ነው። ሦስተኛው በደም በኩል የሚመጣው ፕሌትሌት (ደም የሚያረጋው ቅንጣት) ነው። ፕሌትሌት ኤ2ኤ አለው፤ ነጭ የደም ሴል ላይ እየተጣበቀም ናሙናችሁን ይበክላል። አራተኛው የጂን ቅጂ ነው። በሰው ላይ የኒኮቲን አልፋ 7 ጂን ከፊሉ ተገልብጦ ከሌላ ጂን ጋር ተዋህዷል፤ ፕራይመራችሁ የትኛውን እንዳነሳ ካልለያችሁ የለካችሁት ሌላ ነገር ነው። ከዝርዝራችሁ እያንዳንዱን ስም በእነዚህ አራት ጥያቄዎች ፈትኑት። የቀረው ጥቂት ከሆነ ሥራው በትክክል ተሠርቷል ማለት ነው።

ደረጃ 2፦ ፈቃድና ለጋሾች

የሰው ደም ከመቅዳታችሁ በፊት የምርምር ሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ ፈቃድ ያስፈልጋል። የስምምነት ቅጹን በአማርኛ፣ እንደ ለጋሹም በሲዳሙ አፎ አዘጋጁ። ናሙና ከአገር ሊወጣ የሚችል ከሆነ የቁስ ማስተላለፊያ ስምምነቱን ከመጀመሪያው አንሡት፤ መጨረሻ ላይ ከተጀመረ ወራት ይበላል።

የለጋሽ መጠይቅ ላይ ሰው ሁሉ ዕድሜና ፆታ ይጠይቃል። ለኤ2ኤ ግን ዋናው ጥያቄ ቡና ነው። በቀን ስንት ሲኒ? አቦል ብቻ ነው ወይስ እስከ በረካ ይቀመጣሉ? የመጨረሻውን መቼ ጠጡ? ካፌይን በጤናማ አዋቂ ሰውነት ውስጥ በአምስት ሰዓት ገደማ ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ ስለዚህ 24 ሰዓት ያለ ቡና የቆየ ሰው ደም ውስጥ የሚቀረው ጥቂት ነው። ነገሩ ግን በዚህ አያበቃም። ለቀናት ካፌይን የወሰዱ ሰዎች ፕሌትሌት ላይ የኤ2ኤ ብዛት እንደሚጨምር በ1999 ታይቷል። ሴሉን ብታጥቡት ካፌይኑ ይሄዳል፤ የጨመረው ተቀባይ ግን አብሮ አይታጠብም። እዚህ ቡና ጭራሽ የማይጠጣ አዋቂ ማግኘት ከባድ ነውና ሁለት ቡድን ለመሥራት አትድከሙ፤ የሲኒውን ብዛት መዝግባችሁ በስታቲስቲክሱ ውስጥ አስገቡት። ጫትና ሲጋራንም ጠይቁ። አጫሽ ካፌይንን ከሌላው ሰው ፈጥኖ ያስወግዳል። ደሙን ሁልጊዜ በጠዋቱ ክፍለ ጊዜ ቅዱ፤ የነጭ የደም ሴሎች ብዛት ከቀኑ ሰዓት ጋር ይለዋወጣል።

ደረጃ 3፦ ሁለቱን ቲሹ ማግኘት

የሰው አንጎል አታገኙም። ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ሲደርስ የሰው ደምን ከአይጥ አንጎል ጋር ያነጻጽርና ልዩነቱ የሴል ይሁን የዝርያ ሳይታወቅ ይቀራል። ዋናው ደንብ የነርቩና የመከላከያው ቲሹ ከአንድ እንስሳ ይምጡ የሚለው ነው። የላብራቶሪ አይጥ ካለ ከአንዱ አይጥ ስትራያተሙንም ጣፊያውንም ውሰዱ። አንጎሉን ከማውጣታችሁ በፊት በልብ በኩል ቀዝቃዛ ጨዋማ ፈሳሽ አሳልፋችሁ ደሙን እጠቡ። ሁለተኛው አስመሳይ የሚወገደው እዚህ ነው።

አይጥ ከሌለ ቄራ አለ። ይህ የድሃ አማራጭ አይደለም፤ የመስኩ ታሪክ ከቄራ ጋር የተሳሰረ ነው። ጆን ሂውዝና ሃንስ ኮስተርሊትዝ በስኮትላንድ አበርዲን በ1975 ሰውነት ራሱ የሚሠራውን ኦፒዮይድ፣ ኤንከፋሊንን፣ ለይተው ያወጡት ከአሳማ አንጎል ነው። ከአንድ በሬ የሚገኘው ስትራያተም ከብዙ አይጦች ከሚሰበሰበው ይበልጣል፤ ጣፊያውም እዚያው አለ። በበረዶ የተሞላ ሳጥን ይዛችሁ ሂዱ፣ ከእርዱ በኋላ በተቻለ ፍጥነት ቁረጡ፣ ቱቦው ላይ የእንስሳውን ቁጥርና ሰዓቱን ጻፉ። በጾም ወቅት የሚታረደው ከብት ስለሚያንስ ዕቅዳችሁን ከቀን መቁጠሪያው ጋር አስማሙ።

አንድ ነገር ግን በዋዛ አትለፉት። የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን አለ፣ ከብትንም ይይዛል፣ ቫይረሱም የሚሰፍረው አንጎል ውስጥ ነው። ከመታረዱ በፊት በሥጋ መርማሪ ከታየ ጤናማ ከብት ብቻ ውሰዱ። ጓንት፣ መነጽርና የፊት መከለያ ሳታደርጉ ራስ ቅል አታስከፍቱ። አዘውትራችሁ የምትሠሩ ከሆነ አስቀድማችሁ ተከተቡ።

ከሰው ደም ሴል መለየቱ የተለመደ ሥራ ነው። ደሙን በእኩል መጠን ጨዋማ በፈር አቅጥኑ፣ መጠነ እፍግታው 1.077 በሆነ ፋይኮል (ሴሎችን በእፍግታ የሚለይ ፈሳሽ) ላይ በቀስታ አንጥፉት፣ በ400 ጂ ለ30 ደቂቃ አሽከርክሩ። የሴንትሪፊውጁን ፍሬን አጥፉ፤ ካልጠፋ ንብርብሩ ይረበሻል። መሀል ላይ የሚቀረውን ነጭ ቀለበት አንሡ። ኒውትሮፊሎቹ ከቀይ ሴሎቹ ጋር ታች ስለሚወርዱ በዚህ መንገድ አታገኟቸውም። ቀለበቱን ካነሣችሁ በኋላ በ200 ጂ ለ10 ደቂቃ ደጋግማችሁ እጠቡ፤ ቀላሎቹ ፕሌትሌቶች በፈሳሹ ውስጥ ይቀሩና ይደፋሉ። ሦስተኛው አስመሳይ የሚሄደው በዚህ ነው። ከ1 ሚሊ ሊትር ደም 1 ሚሊዮን ገደማ ሴል ጠብቁ፤ ሕይወት ያለውን በትራይፓን ብሉ ቁጠሩ።

ሴል የምታስቀምጡ ከሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ያስፈልጋል። ላብራቶሪያችሁ ከሌለው ከብት በሰው ሠራሽ ዘዴ የሚያዳቅሉ ባለሙያዎችን ጠይቁ። የኮርማውን ዘር የሚያቆዩት በእሱ ስለሆነ ከየት እንደሚሞላ ከማንም በላይ እነሱ ያውቃሉ። ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ የሚያቀዘቅዝ ፍሪዘር ብቻ ላለው ሰው ደግሞ ናሙናውን ለሁለት ከፍሎ በሁለት የተለያዩ ሕንፃዎች ማስቀመጥ መብራት በጠፋ ቀን ያድናል።

ደረጃ 4፦ መልእክቱን መለካት

አርኤንኤ አውጡ፣ በዲኤንኤዝ አጽዱ፣ ወደ ሲዲኤንኤ (የአርኤንኤው የዲኤንኤ ቅጂ) ቀይሩ፣ በኪውፒሲአር (ቅጂውን በዑደት እያባዛ በሚለካ ዘዴ) ለኩ። ይህን ማንኛውም የሞለኪውላር ላብራቶሪ ያሳያችኋል። ለኤ2ኤ የሚለየው የፕራይመሩ ነገር ነው። የጂኑ ፕሮቲን ሠሪ ክፍል በመሀሉ አንድ ኢንትሮን (ከመልእክቱ ተቆርጦ የሚወጣ ክፍል) አለው፤ ሁለቱ ፕራይመሮች በኢንትሮኑ ግራና ቀኝ ይሁኑ። በሰው ጂኖም ላይ በዚሁ ቦታ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚነበብ ሌላ ጂንም አለ። ግድየለሽ ፕራይመር እሱንም ስለሚያነሳ ንድፋችሁን ብላስት በተባለው የቅደም ተከተል ማነጻጸሪያ ፈትሹ።

ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ (አርኤንኤን ወደ ዲኤንኤ የሚገለብጠው ኢንዛይም) ያልገባበት ቱቦ በእያንዳንዱ ናሙና ይኑር። ዑደቱ ከ35 ካለፈ በኋላ የሚመጣን ምልክት «አለ» ብላችሁ አትጻፉ። የሦስት ዑደት ከሲሶ ልዩነት የአሥር እጥፍ ልዩነት ማለት ስለሆነ ዑደቱን ብቻ ሳይሆን እጥፉን አስሉ። ከኤ2ኤ ጎን የማይክሮግሊያ፣ የፕሌትሌትና የቲ ሴል መለያ ጂኖችን አብራችሁ ለኩ። የአንጎል ናሙናችሁ ላይ የቲ ሴል ጂን ከታየ ደሙ አልታጠበም፤ ወደ ኋላ ተመለሱ።

ደረጃ 5፦ ፕሮቲኑና አታላዮቹ አንቲቦዲዎች

ይህን ደረጃ ብዙ ሰው የመጨረሻ ማስረጃ ያደርገዋል። እኔ ግን ከሁሉም ደካማው ነው እላለሁ። የኒኮቲን አልፋ 7 ታሪክ ትምህርት ነው። ኬቨን ትሬሲና ባልደረቦቹ በ2003 ይህ ተቀባይ በሌላቸው አይጦች ላይ የቬገስ ነርቭ (ከአንጎል ወደ ሆድ ዕቃ የሚወርደው) ሲነቃቃ ቲኤንኤፍ የተባለው የብግነት ፕሮቲን እንደማይቀንስ አሳዩ፤ ጠንካራ ማስረጃ ነበር። ተቀባዩን ለማየት የተሸጡት አንቲቦዲዎች ግን ሌላ ጉድ አመጡ፦ በሌሎች ላብራቶሪዎች ሲፈተኑ በርካቶቹ ጂኑ በተወገደበት አይጥ አንጎልም ላይ ያንኑ ቀለም ሰጡ። የሌለውን ፕሮቲን «አየሁ» የሚል አንቲቦዲ ማለት ነው።

አንቲቦዲ ስትገዙ ጂኑ በተወገደበት ሴል ላይ የተፈተነ መሆኑን የሚያሳይ ምስል ጠይቁ። ለሰው የተሠራው ለከብት ይሠራል ብላችሁ አትገምቱ። የሚይዘው የተቀባዩን ውጫዊ ክፍል ነው ወይስ ውስጣዊውን የሚለውንም አረጋግጡ፤ ውስጣዊውን የሚይዝ ከሆነ ሴሉ ካልተበሳ ባዶ ነው የምታዩት።

ለዌስተርን ብሎት (ፕሮቲንን በጄል ለይቶ በአንቲቦዲ ለሚያሳየው ዘዴ) ደግሞ የተለመደውን «ናሙናውን አፍሉ» የሚል መመሪያ ተዉት። ኤ2ኤ ሰባት ጊዜ የሴሉን ሽፋን የሚያቋርጥ ፕሮቲን ነው፤ እንዲህ ያሉ ፕሮቲኖች ሲፈሉ እርስ በርስ ተጣብቀው ጄሉ አናት ላይ ይቀራሉ። በ37 ዲግሪ ለግማሽ ሰዓት ማቆየቱ ይበቃል። (ሌላ ፕሮቲን የምታፈሉ ከሆነም ሀዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ክፍት ውኃ 95 ዲግሪ ሳይሞላው ይፈላል፤ የብረት ማሞቂያ ተጠቀሙ።)

ፍሎው ሳይቶሜትር (ቀለም የያዙ ሴሎችን አንድ በአንድ የሚያነብ መሣሪያ) አቅራቢያችሁ ከሌለ 275 ኪሎ ሜትር ርቆ አዲስ አበባ ውስጥ በኢሚውኖሎጂ የቆየ ልምድ ያለው አርማወር ሀንሰን የምርምር ተቋምን የመሰለ አጋር ፈልጉ። ትኩስ ደም ይዛችሁ አትጓዙ። ሴሉን ሀዋሳ ላይ አዘጋጁ፣ ቀለም አስይዙ፣ በፓራፎርማልዲሃይድ ባሉበት እንዲጸኑ (ፊክስ) አድርጉ፤ ከብርሃን ከልላችሁ በ4 ዲግሪ ውሰዱና በማግስቱ አንብቡ።

ደረጃ 6፦ ይይዛል ወይ?

የዚህ መስክ መሠረት የተጣለው በዚህ ደረጃ ነው። በ1973 ካንዴስ ፐርትና ሰሎሞን ስናይደር በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በትሪቲየም (ጨረር በሚያወጣ ሃይድሮጅን) ምልክት የተደረገበትን ናሎክሶን የተባለ የኦፒዮይድ ማገጃ ከተፈጨ የአይጥ አንጎል ጋር ቀላቅለው የኦፒዮይድን ተቀባይ አሳዩ። በዚያው ዓመት ኤሪክ ሳይመን በኒው ዮርክ፣ ላርስ ቴሬኒየስ በኡፕሳላ ለየብቻቸው እዚያው ደረሱ። የፐርት ሥራ አሳማኝ የሆነው መያያዙን ስላሳየ ብቻ አይደለም። ሌቮርፋኖልና ዴክስትሮርፋን እንደ ቀኝና ግራ እጅ የሚተያዩ ሁለት ሞለኪውሎች ናቸው፤ ናሎክሶኑን ከቦታው ያስለቀቀው ህመም የሚያስታግሰው ሌቮርፋኖል ሆነ፣ መንትያው ግን አልቻለም። በ1976 ሮበርት ሌፍኮዊትዝና ባልደረቦቹ ተመሳሳዩን ዘዴ በሰው ሊምፎሳይት ላይ ተጠቅመው የአድሬናሊን ቤታ ተቀባይን አገኙ። በ1979 ደግሞ ጆሴፍ ዋይብራን ከባልደረቦቹ ጋር ሞርፊንና ኤንከፋሊን በሰው ቲ ሴሎች ላይ ተቃራኒ ለውጥ እንደሚያመጡ፣ ለውጡም በናሎክሶን እንደሚታገድ ዘገበ። የአንጎል ተቀባይ ደም ውስጥ የሚፈለግበት ዘመን እንዲህ ተከፈተ።

እናንተም ይህንኑ በስትራያተምና በጣፊያ ላይ ድገሙት። ቲሹውን በቀዝቃዛ በፈር ፍጩ፣ ሽፋኑን በሴንትሪፊውጅ አዝቅጡ፣ አጥባችሁ በትሪቲየም ከተሠራ የኤ2ኤ አንታጎኒስት፣ ዜድኤም 241385 ጋር አቆዩ፣ በመስታወት ክር ማጣሪያ ላይ በበረዶ በፈር አጥባችሁ በሲንቲሌሽን ቆጣሪ ቁጠሩ። ከዚህ በፊት ግን አደኖሲን ዲአሚኔዝ (አደኖሲንን የሚያፈርስ ኢንዛይም) ጨምራችሁ በ37 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ አቆዩ። የተፈጨ ቲሹ ራሱ አደኖሲን ያፈሳል፤ ያ አደኖሲን ካልጠፋ ተቀባዩን ቀድሞ ይዞ ይጠብቃችኋል።

ለእያንዳንዱ ነጥብ ምልክት የሌለው ኬሚካል በብዛት የተጨመረበት ቱቦ ይኑር፤ እዚያ የሚቀረው ቆጠራ ከተቀባዩ ውጭ የተለጠፈ ነውና ከጠቅላላው ቀንሱት። የቀረው ኮንሰንትሬሽኑ ሲጨምር ጣሪያ ላይ መድረስ አለበት። ጣሪያ የሌለው መስመር ተቀባይ አይደለም። በስትራያተምና በጣፊያ የምታገኙት የመያያዝ ጥንካሬ መቀራረብ አለበት፤ ብዛቱ ቢራራቅ ችግር የለም፣ ስትራያተም እጅግ ይበልጣል። ጥንካሬው ራሱ በአሥር እጥፍ ከተለያየ ግን ሌላ ተቀባይ ነው የያዛችሁት።

ለትሪቲየም የጨረር ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ግማሽ ዕድሜው ከ12 ዓመት በላይ ስለሆነም ቆሻሻው እስኪበርድ አይጠበቅም። ፈቃዱ ከሌላችሁ ይህን ክፍል ፈቃድ ላለው አጋር ስጡት፤ ሽፋኑን ቀዝቅዞ መላክ ይቻላል።

ደረጃ 7፦ ሴሉን ያዛል ወይ?

ሀዋሳ ላይ በሙሉ ሊሠራ የሚችለውና ውጤቱም የሚያስደስተው ይህ ነው። ኢንኩቤተር፣ ንጹህ የሥራ ክፍልና የኤላይዛ (ፕሮቲን በአንቲቦዲ የሚለካበት ዘዴ) ማንበቢያ ካላችሁ በቂ ነው።

የሰው ሞኖሳይት በሳህን ላይ አስቀምጡ። ሳህኑን እንዲህ ክፈሉት፦ ምንም ያልተጨመረበት፤ ሊፖፖሊሳካራይድ (ከባክቴሪያ ግድግዳ የሚገኝ ቀስቃሽ) በ100 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ብቻ፤ ሊፖፖሊሳካራይድና ከ1 እስከ 1,000 ናኖሞላር የሚደርስ የኤ2ኤ አጎኒስት፣ ሲጂኤስ 21680፤ እንደዚሁ ሆኖ አንታጎኒስቱ ከ30 ደቂቃ በፊት የገባበት፤ አንታጎኒስት ብቻ። ኬሚካሎቹ የሟሙበት ዲኤምኤስኦ በሁሉም ጉድጓድ እኩል ይሁን። ከ6 ሰዓት በኋላ ፈሳሹን ወስዳችሁ ቲኤንኤፍ ለኩ።

የምትጠብቁት አጎኒስቱ በጨመረ ቁጥር ቲኤንኤፍ እንዲቀንስ፣ አንታጎኒስቱ ሲገባ ደግሞ ኩርባው ወደ ቀኝ እንዲገፋ ነው። መቀነሱ ብቻውን ምንም አይናገርም፤ የሞተ ሴልም ቲኤንኤፍ አይሠራምና በዚያው ሳህን ላይ የሴሎቹን ሕይወት ለኩ። ዜድኤም 241385 መጠኑ ሲበዛ የኤ2ኤን ወንድም ኤ2ቢንም ስለሚዘጋ ውጤቱን ኤስሲኤች 58261 በተባለ በተሻለ በሚለይ ኬሚካል ድገሙት። ካፌይንንም ሞክሩት፤ ነገር ግን እሱ ሁሉንም የአደኖሲን ተቀባዮች ከሞላ ጎደል ስለሚነካ የኤ2ኤ ማስረጃ አድርጋችሁ አትጥሩት።

በነርቭ በኩል ፒሲ12 የተባሉትን የአይጥ ሴሎች ተጠቀሙ፤ ከ1976 ጀምሮ ያሉ፣ ነርቭ መሰል፣ ኤ2ኤ ያላቸው ናቸው። እዚህ የሚለካው ሳይክሊክ ኤኤምፒ ነው። ወጥመዱም እዚህ አለ። ሳይክሊክ ኤኤምፒ እንዳይፈርስ ብዙ ኪቶች አይቢኤምኤክስ ጨምሩ ይላሉ። አይቢኤምኤክስ ግን የካፌይን ዘመድ ነው፤ የአደኖሲን ተቀባዮችን ራሱ ይዘጋል። መመሪያውን በእምነት የተከተለ ሰው የሚለካውን ተቀባይ በገዛ እጁ ዘግቶ «ምላሽ የለም» ይላል። በምትኩ ሮሊፕራም ተጠቀሙ። ያንኑ ልኬት በሞኖሳይቶቹም ላይ ሥሩ፤ ሁለቱን ሴሎች በአንድ ሚዛን የምታስቀምጡበት ብቸኛው ቦታ ይህ ነው።

ደረጃ 8፦ አጥፉትና እዩ

ኬሚካል ሁሉ አንድ ቀን ይዋሻል፤ ጂን ማጥፋት ግን ክርክር ያሳጥራል። ለኤ2ኤ ይህን ያደረጉት ጥናቶች አብረው ሲነበቡ ውብ ናቸው። ተቀባዩ የሌላቸው አይጦች በ1997 ተሠሩ። በ2001 እነዚህ አይጦች ጤናማውን አይጥ እምብዛም በማይጎዳ መጠን ብግነት ሲቀሰቀስባቸው ጉበታቸው ክፉኛ ተጎዳ፤ ብግነቱን የሚያበርደው ጠፍቷልና። በ2005 ደግሞ ይኸው ተቀባይ የሌላቸው አይጦች ካፌይን ተሰጥቷቸው እንዳልነቁ ታየ። ያው ጂን ሲወገድ በአንዱ በኩል እብጠቱ አልበርድ አለ፣ በሌላው በኩል ቡናው አልሠራ አለ። የጋራ ተቀባይ ሲባል የሚጠበቀው ይህን የመሰለ ጥንድ ማስረጃ ነው።

ጂን የተወገደበት አይጥ ማርባት ለብዙዎቻችሁ አይቻልም። ፒሲ12 እና ቲኤችፒ1 (ሞኖሳይት መሰል) ሴሎች ላይ በኤስአይአርኤንኤ (መልእክቱን በሚያስፈርስ አጭር አርኤንኤ) መልእክቱን መቀነስ ግን ይቻላል። ሁለት የተለያዩ ኤስአይአርኤንኤዎች፣ አንድ ኢላማ የሌለው፣ ከዚያም ደረጃ 7ን መድገም። አንዱ ብቻ ከሠራ ውጤቱ ከኢላማ ውጭ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ምን ብላችሁ ትጽፋላችሁ?

የጥናቱ ርዕስ ከደረሳችሁበት እርከን አይለፍ። ደረጃ 4 ላይ ከቆማችሁ «የኤ2ኤ መልእክት በስትራያተምና በጣፊያ መገኘት» በሉ። ደረጃ 6ን ከጨረሳችሁ «መያያዣ ቦታ» ማለት ትችላላችሁ። ደረጃ 7ን ከአንታጎኒስቱ ጋር ከጨረሳችሁ «የሚሠራ ተቀባይ» የሚለው ይፈቀዳል። «ነርቭና መከላከያ በዚህ ተቀባይ ይነጋገራሉ» ለማለት ግን ከስምንቱም ሌላ አንድ ነገር ይቀራችኋል፦ አደኖሲኑ ከማን ወጥቶ ለማን ደረሰ? አደኖሲን በደም ውስጥ የሚቆየው ለሰከንዶች ብቻ ነው። ስለዚህ በአንጎል የተሠራው በደም ተጉዞ ጣፊያ ይደርሳል የሚል ሥዕል አትሣሉ። ሁለቱም ቦታ ያለው አደኖሲን እዚያው የተሠራ ነውና የውይይት ክፍላችሁ በሲዲ39 እና በሲዲ73 ይጀምር። መርማሪው መጀመሪያ የሚጠይቃችሁም ስለ እነሱ ነው።